ኦሮስኮ በስፖርት ላይ አልቀለደም፦ ብዙ ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ስለ ሜክሲኮው አርቲስት ስለ ጋብሪኤል ኦሮስኮ ነው። ኦሮስኮ ስፖርትና ጨዋታን እየነካካ የሠራቸውን ሥራዎች እያነሳ፣ «ይሄ ጥበብ ከተባለማ ጥበብ ያልሆነ ምን ቀረ?» ይላል። ጽሑፉ ይነበባል። ቋንቋው ያምራል። ሰው ቢጋራው አይገርምም። በዋናው ነገር ግን ተሳስቷል። የኦሮስኮን ሥራዎች ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ጨዋታም እወዳለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲነኩብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን በአግባቡ ላስቀምጥ። ዋናውን ያላነበበ ሰው እንዲከተለኝ፣ ያነበበውም «አጣመምከው» እንዳይለኝ።

አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሥራዎቹ ሙያ የላቸውም፤ ማንም አናጢ ይሠራቸዋል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳ የሌለው የፑል ጠረጴዛ፣ ንጉሥ የሌለው ቼዝ፣ መረብ የሌለው ፒንግ ፖንግ ጨዋታ አይደሉም፤ የተበላሹ ዕቃዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ስፖርተኛ ላቡን የሚያፈስበትን ነገር መቀለጃ ማድረግ ንቀት ነው። አራተኛ፣ ነገሩ የሀብታምና የሙዚየም ነው፤ ተራው ሰው አይደርስበትም። አምስተኛ፣ ኳስና ሜዳ ላጣ ልጅ የተነፈሰ ኳስ ፎቶ ምን ይሠራለታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ከባድ ነው። እሱን አልሸሸውም፤ በቦታው እመጣበታለሁ።

ስለ ሰውዬው ትንሽ ልበል። ኦሮስኮ በ1962 በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ግዛት፣ ሐላፓ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ማሪዮ ኦሮስኮ ሪቬራ የግድግዳ ሥዕል ሠዓሊ ነበሩ። ልጁም ሥዕል ተምሮ ነው የጀመረው። በኋላ ግን ትልልቁን ሥዕል ትቶ መንገድ ላይ በሚያገኘው ነገር መሥራት ጀመረ። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ዝናብ ባቆረው ውሃ ላይ በብስክሌት ክብ ክብ እየዞረ፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወውን እርጥብ መስመር ፎቶ አንስቷል። ያ ፎቶ ዛሬም ከምወዳቸው ሥራዎቹ አንዱ ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2009 መጨረሻ፣ የለንደኑ ቴት ሞደርን ደግሞ በ2011 ሰፊ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተውለታል።

አሁን ወደ ክሶቹ።

የሙያው ነገር ብዙ አያቆየኝም። ኦሮስኮ እጁ እንደሚሠራ ማየት የፈለገ በ1997 የሠራውን የራስ ቅል ይይ። በእውነተኛ የሰው የራስ ቅል ላይ፣ ጉድጓዱንና ጉብታውን እየተከተለ፣ በእርሳስ የቼዝ ሰሌዳ የመሰለ ጥቁርና ነጭ መደብ ሠርቶበታል። ታሞ ባገገመበት ጊዜ ወራት ፈጅቶበታል። ስለዚህ «መሥራት ስለማይችል ነው» የሚለው አያስኬድም።

ግን ሙያውን ባያሳይስ? በ1891 አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር ክረምቱን ተማሪዎቹን የሚያጫውትበት ነገር ቸገረው። የሕንፃውን ሠራተኛ ሳጥን ቢጠይቀው የኮክ ፍሬ ቅርጫት አመጣለት። ቅርጫቶቹን ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው፤ አሥራ ሦስት ሕግ ጻፈ። ቅርጫቱን የሠራው ቅርጫት ሠሪ ነው። ያመጣው ሠራተኛው ነው። ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ማነው ቢባል ግን ሁሉም ሰው ኔይስሚዝ ይላል። ጨዋታ ውስጥ ትልቁ ሥራ ዕቃው ሳይሆን «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። የኦሮስኮ ጠረጴዛዎችም በዚሁ ሚዛን ቢታዩ ይገባል። ጠረጴዛውን የቆረጠው አናጢ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ለምን በዚያ መንገድ ተቆረጠ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በ1993 በቬኒስ ቢየናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የጥበብ ኤግዚቢሽን፣ ወለል ላይ ያስቀመጠው ባዶ የጫማ ካርቶን እኔንም አልያዘኝም። ስለሱ የተጻፈውን አንብቤያለሁ፤ ክርክሩ ይገባኛል፤ ካርቶኑ ግን አያነጋግረኝም። አንድ አርቲስት ሁሉም ሥራው እኩል ይጥማል ያለ የለም።

ሁለተኛው ክስ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ። ጽሑፉ በጣም የተሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

ጸሐፊው «ቀዳዳ የሌለው የፑል ጠረጴዛ» ሲሉ ኦሮስኮ ቀዳዳውን የደፈነው ያህል አድርገው ነው። ቀዳዳ የሌለው ቢሊያርድ ግን ድሮም ያለ ጨዋታ ነው። ካራምቦል ይባላል። ኳሶቹ ሦስት ናቸው። በራስህ ኳስ ሌሎቹን ሁለቱን ከነካህ ነጥብ አገኘህ ማለት ነው። ፌዴሬሽን አለው፤ የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ ከአውሮፓ እስከ ደቡብ ኮሪያና ቬትናም ኑሯቸውን በሱ የመሠረቱ ተጫዋቾች አሉ። ጣሊያኖች ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት፣ በእኛ ከተሞች በእጅ የሚጫወቱት ካራምቦላም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጽሑፉ ላይ «ከተበላሸ ጠረጴዛ ማን ጨዋታ አየ?» የምትል መስመር አለች። ብዙ ሰው ያጋራት እሷን ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ካራምቦል የሚጫወት ሁሉ።

ታዲያ ኦሮስኮ ምን አደረገ? ሁለት ነገር። ጠረጴዛውን ሞላላ አደረገው። ቀዩን ኳስ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ከጣሪያ አንጠለጠለው። ኳሱ ጨርቁን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ግን አይነካም። ሁለቱ ነጭ ኳሶች እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሥራው «ካራምቦል ከፔንዱለም ጋር» ይባላል፤ በ1996 የተሠራ ነው።

አጨዋወቱን አስቡት። በተለመደው ጠረጴዛ ላይ ነጩን መትተህ ቀዩን ስትነካው፣ ቀዩ ይንከባለላል፣ ጠርዝ ነክቶ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቆማል። ሁሉም ኳስ ከቆመ በኋላ ተጋጣሚህ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ጎንበስ ብሎ ያነጣጥራል። ጨዋታው የቆመው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። በኦሮስኮ ጠረጴዛ ላይ ግን ቀዩ ሲመታ ተነስቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል። መስመሩ እየተጣመመ ሞላላ ይሠራል። ነጩ ኳስህ ቆሞ ቀዩ ገና እየዞረ ነው። ዞሮ መጥቶም ራሱ ነጩን ሊመታው ይችላል። ያኔ ነጥቡ የማን ነው? ተራው የማን ነው? ተጋጣሚህ ቀዩ እስኪያርፍ ይጠብቅ፣ ወይስ እየተወዛወዘ እያለ ይምታው?

ይህን የሚመልስ ሕግ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች ቆመው መስማማት አለባቸው። ጠረጴዛው ጥግ ስለሌለው ደግሞ በልምድ የተያዘው ማዕዘን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዓመታት የተጫወተና ዛሬ እንጨት የጨበጠ ሰው ከሞላ ጎደል እኩል ይጀምራሉ። ይሄ የተበላሸ ዕቃ አይደለም። የተበላሸ ዕቃ አያጫውትም። ይሄኛው ያጫውታል፤ ግን በፊት ሳናስተውል የምናልፈውን ነገር እያሳየ ነው። ኳስ መቆሙን፣ ተራ መኖሩን፣ ማዕዘን መታመኑን እንደ ተፈጥሮ ነገር ነበር የምናየው። አንዲት ሽቦ ሁሉንም ጥያቄ አደረገቻቸው።

ሥራው የቀረበበት ቦታም የራሱ ነገር አለው። በ1996 አርትኤንጅል የተባለው የለንደን ድርጅት ለኦሮስኮ በሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ ያለ አንድ የቀድሞ የወንዶች ክለብ ሕንፃ አስፈቀደለት። አባል ያልሆነ የማይገባበት፣ ከበርቴዎች ቢሊያርድና ካርታ ይጫወቱበት ከነበረው ዓይነት ቤት ነው። የቤቱ ሕግ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል ነበር። የሱ ጠረጴዛ ደግሞ ማንም ቀድሞ የማያውቀው ጨዋታ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ፣ «የሀብታም መጫወቻ» የሚለውን ቃል ለዚህ ሥራ ከመጠቀማቸው በፊት ትንሽ የሚያስቡ ይመስለኛል።

ወደ ቼዙ ልለፍ። «ፈረሶች ሳያቋርጡ ሲሮጡ» በ1995 የተሠራ ነው። ሰሌዳው 256 ካሬ አለው፤ ከተለመደው 64 አራት እጥፍ ማለት ነው። ቀለሙ አራት ነው። ላዩ ላይ ያሉት ፈረሶች ብቻ ናቸው። «ንጉሥ ከሌለ ማን ያሸንፋል?» ይላሉ ጸሐፊው። ማንም አያሸንፍም፤ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን አሸናፊ የሌለው የፈረስ ጨዋታ በቼዝ ዓለም አዲስ አይደለም። አንዲት ፈረስ የሰሌዳውን ካሬ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጣ እንድትጨርስ የሚጠይቅ እንቆቅልሽ አለ። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን የአረብ ቼዝ ሊቃውንት ጀምሮ ሰዎች ሲፈቱት ኖረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ጽፎበታል። ንጉሥ የለውም። ተጋጣሚ የለውም። ይህን እንቆቅልሽ «የተበላሸ ቼዝ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ፈረስ የራሷ አረማመድ አላት፤ እሱን ብቻ ለይቶ ማየት በራሱ ደስታ ነው።

ፒንግ ፖንጉም እንደዚያው። በ1998 ኦሮስኮ ሁለት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ መረቡ ጋ ለሁለት ለሁለት ከፈለ። አራቱን ግማሾች በመስቀል ቅርጽ አስቀመጣቸው፤ ማዕዘናቸውን ክብ አደረገው። መሀል ላይ በተረፈው ባዶ ቦታ ኩሬ ሠራ፤ የውሃ አበባ አኖረበት። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። «መረብ የለውም» ይላሉ ጸሐፊው። መረብ ምን ይሠራል? ወገንን ይለያል፤ ያጠረችውን ኳስ ይይዛል። ኩሬው ሁለቱንም ይሠራል። ያጠረች ኳስ ውሃው ላይ ወድቃ ትንሳፈፋለች። ልዩነቱ፣ በመረብ ጊዜ ከፊትህ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እዚህ ሦስት ናቸው። ለማን ልምታ የሚለውን መወሰን አለብህ። ከማን ጋር ነኝ የሚለውንም። መረብ የሚባለው ስስ ነገር ቦታ ሲያገኝ፣ ሰፍቶ ኩሬ ሲሆን፣ በተጋጣሚዎች መሀል ያለው ቦታ ራሱ የሚታይ ነገር ሆነ።

ሦስተኛው ክስ ንቀት ነው። «ላብ የሚፈስበት ላይ አይቀለድም» የሚለው። ይህ ክስ ከልብ የመጣ መሆኑ ይታየኛል። ስፖርትን የሚወድ ሰው ሲናገር ድምፁ ይለያል። ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ በስፖርት መጫወት እና በስፖርተኛ መሳለቅ።

ፒንግ ፖንግ ራሱ ከምን መጣ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ከራት በኋላ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ሰዎች ቴኒስን ለጨዋታ ሲያስመስሉ የተፈጠረ ነው። መጽሐፍ ደርድረው መረብ ያደርጉ ነበር፤ የጠርሙስ ቡሽ ኳስ ይሆን ነበር። የቴኒስ ሰዎች «በኛ ስፖርት አትቀልዱ» ቢሉ ኖሮ ዛሬ የኦሎምፒክ የጠረጴዛ ቴኒስ አይኖርም ነበር። ሕጉም ቢሆን ተነክቶ አያውቅም እንዳይባል፣ በ2000 ኳሱ ከ38 ሚሊሜትር ወደ 40 አደገ። በ2001 ጨዋታው ከ21 ነጥብ ወደ 11 ወረደ። በእግር ኳስ ኦፍሳይድ በ1925 ሲቀየር ጨዋታው ሌላ ሆነ። ስፖርት እየተነካካ ነው የኖረው። «ፌዴሬሽን የሚቀይረው ለማሻሻል ነው፤ አርቲስቱ ለመዝናናት» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዓላማቸው ይለያያል። ኦሮስኮ ውድድር ሊያዘጋጅ አልተነሳም። ግን የተለየ ዓላማ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም።

እኛ ጋ ደግሞ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገና ጨዋታን አስቡ። ዱላው ቆልማማ ነው፤ ጥንጉ በሜዳው ላይ ይበራል፤ ሰው ይፈነከታል፤ ይሮጣል፤ ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያም ላይ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይዘልፈዋል። ሹሙም ጌታውም አይቀሩም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚህ ነው። ጨዋታውን ማንም ንቀት አላለውም። ፉክክሩና ፌዙ አብረው ነው የሚሄዱት። የምር መጫወትና እየሳቁ መጫወት የማይገናኙ አድርጎ የሚያስብ ሰው፣ የራሳችንን ትልቅ ጨዋታ እንዴት ሊያስረዳው ነው?

የኦሮስኮ አገርም በዚህ አይታማም። እሱ በተወለደበት በቬራክሩዝ ግዛት፣ ኤል ማናቲ በሚባል ቦታ፣ ከ3,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የጎማ ኳሶች ከረግረግ ውስጥ ተገኝተዋል። በዚያ የአሜሪካ ክፍል ኳስ በዳሌ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ጨዋታም ነበር፤ ሥርዓተ አምልኮም ነበር። አሁንም በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ አንዳንድ ቦታ ይጫወቱታል። ከእንዲህ ያለ ምድር የወጣ ሰው ኳስን የሚያየው እንደ ቀልድ ዕቃ ነው ማለት ይከብደኛል።

ጸሐፊው በንቀት ምሳሌነት ያነሱት «አቶሚስቶች» የሚባሉትን ሥራዎች ነው። እነሱም የ1996 ናቸው። ኦሮስኮ ከእንግሊዝ ጋዜጦች የስፖርት ፎቶዎችን ቆርጦ፣ ክብና ሞላላ ቀለሞችን ደረበባቸው፤ ትልቅ አድርጎ አተማቸው። «የስፖርተኛውን ፊት በክብ ሸፈነው» ይላሉ። አንዳንዱ ላይ ይሸፍናል፤ እውነት ነው። ግን ክቦቹ የተቀመጡት እንደ መጣላቸው አይደለም። የሰውነቱን መዞሪያ፣ የኳሱን መንገድ፣ ሁለት ሰው የሚጋጭበትን ቦታ ይከተላሉ። ዓይናችን ፊት ፍለጋ ሲሄድ ክቡ ወደ እንቅስቃሴው ይመልሰዋል። በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ የጨዋታ ተንታኝ ምስሉን አቁሞ ተጫዋች ላይ ክብ ያደርጋል፤ ቀስት ይስላል። ያኔ ተጫዋቹን ናቀው አንልም፤ ጨዋታውን አሳየን እንላለን። ኦሮስኮ ያደረገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሱ ግን ማን ጎል አገባ የሚለውን ትቶ ሰውነት እንዴት እንደሚዞር ብቻ ነው የሚያየው።

አራተኛው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹን ሳልሰስት እሰጣቸዋለሁ። የኦሮስኮ ሥራዎች በውድ ይሸጣሉ። የሚገዟቸው ሀብታሞችና ትልልቅ ሙዚየሞች ናቸው። አንዳንዴ ጨዋታ ሆኖ የተሠራው ነገር ዋጋው ከፍ ስላለ «አይነካም» ይባላል። የማይነካ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አሳዛኝ ነገር ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። አብረዋቸው የሚለጠፉት ማብራሪያዎችም ብዙ ጊዜ ሰው የሚያርቁ ናቸው። በአገሩም ቢሆን የሚተች ነገር አለ። ከ2019 ጀምሮ በሜክሲኮ ሲቲ የቻፑልቴፔክ ፓርክን ትልቅ ፕሮጀክት እንዲመራ መንግሥት ሲሾመው፣ ሌሎች የባህል ተቋማት በጀት እየተቀነሰ ይህ ሁሉ ገንዘብ ወደ አንድ ቦታ መሄዱን ብዙ አርቲስቶች ተቃውመዋል። ይህ በቁም ነገር ሊነሳ የሚገባው ትችት ነው። ጽሑፉ ግን አላነሳውም፤ ቀላሉን መንገድ መረጠ።

«ተራ ሰው አይደርስበትም» የሚለው ግን አይቆምም። ቴት ሞደርን በ2011 የፔንዱለሙን ጠረጴዛ ሲያቀርብ ተመልካቹ እንጨት ይዞ እንዲጫወት ነበር። ስለ ካራምቦልም ሆነ ስለ ጥበብ ታሪክ ምንም የማያውቅ ሰው ሊመታ ይችላል። ይህን ክስ ከሁሉ በላይ የሚመልሰው ግን የ1993ቱ «ሆም ረን» ነው። ኦሮስኮ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እንዲያሳይ ተጋበዘ። ዋናውን ሥራ ግን ከሙዚየሙ ውጪ አደረገው። ፊት ለፊት ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን መስኮታቸው ላይ ብርቱካን እንዲያኖሩ ጠየቃቸው። ሙዚየሙ ውስጥ ያለ ሰው ቀና ብሎ በመስታወት ሲያይ፣ ማዶ በመስኮቱ ላይ ብርቱካን አለ። ጎረቤቶቹ ናቸው የሚያኖሩት። ስሙ ከቤዝቦል ነው፤ ኳሷ ተመትታ ከሜዳው አጥር ውጪ ስትወጣ ሆም ረን ይባላል። እዚህም ሥራው ከሙዚየሙ አጥር ውጪ ወጣ። ብርቱካን መስኮት ላይ ለማኖር ሀብታም መሆን አይጠይቅም። ለማየትም የመንገድ ላይ መንገደኛ መሆን ይበቃል።

አሁን አምስተኛው። «ኳስ ላጣ ልጅ የተነፈሰ ኳስ ፎቶ ምን ያደርግለታል?»

ፎቶው የ1993 ነው። የተነፈሰ የእግር ኳስ ነው። ገብ ብሏል። በተጎደጎደው ቦታ ላይ ትንሽ ውሃ አቁሯል። ሌላ ምንም የለም። ጸሐፊው ያዩት የሀብታም አገር ሰው የጣለውን ኳስ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ኳሱ ስፌቱ ተገጣጥቧል፤ ቆዳው አልቋል። ሰው እስኪጠግብ ተጫውቶበታል። አየሩ ሲወጣ ጎድጓዳ ዕቃ ሆነ፤ ውሃ ያዘ። እንዲህ ያለ ኳስ በልጅነቱ ያልረገጠ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ የሠራ ልጅ ይህን ፎቶ ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ በር ያደረገ፣ መኪና ሲመጣ ጨዋታ አቁሞ ሲያልፍ የቀጠለ፣ መንገዱ ሲጠብ ሕጉን ያጠበበ ልጅ ኦሮስኮ የሚሠራውን ነገር በእግሩ ያውቀዋል። እነዚህ ሥራዎች ለልጁ ባዕድ ናቸው ብሎ በሱ ስም መወሰን ልጁን ማሳነስ ነው።

በ2012 ኦሮስኮ ኒው ዮርክ ውስጥ ፒየር 40 በሚባለው የስፖርት ሜዳ ላይ ከሰው ሠራሹ ሣር ውስጥ ወዳድቆ የቀረውን ትናንሽ ነገር ሰበሰበ። 1,200 ገደማ ይሆናል። ሳንቲም፣ ማስቲካ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ከጫማ የተላቀቀ የድርጅት ምልክት፣ የኳስ ቁራጭ፣ የተጠላለፈ ክር። ሁሉንም እንደየመጠኑና እንደየቀለሙ ደርድሮ ፎቶ አነሳቸው፤ ዕቃዎቹንም አብሮ አሳያቸው። ሙዚየም ሊያሳየው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ የሻምፒዮኑን ማሊያ ነው፤ ዋንጫውን ነው። እዚህ ግን ስማቸው የማይታወቅ፣ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች የጣሉት ነገር ነው የተከበረው። ይህን «ከሕዝብ የራቀ» ማለት ለእኔ አይገባኝም።

ስለ ችግርና ስለ ጨዋታ ካነሳን አይቀር፣ ከኦሮስኮ ወጣ ብዬ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ቤልጂየም ተወልዶ ሜክሲኮ ሲቲ የሚኖረው ፍራንሲስ አሊስ በ2017 ኢራቅ፣ ሞሱል ውስጥ የቀረጸው አጭር ቪዲዮ አለ። ከተማዋ በአይሲስ እጅ በነበረችበት ጊዜ እግር ኳስ ተከልክሎ ነበር። በቪዲዮው ላይ ልጆች በፈረሱ ሕንፃዎች መሀል ይጫወታሉ። ኳስ የለም። ያቀብላሉ፤ ያታልላሉ፤ ይመታሉ፤ በረኛው ይወረወራል። ኳሷ የት እንዳለች ግን ሁሉም ያውቃሉ። ያቀበለው ልጅ የት እንዳቀበለ የሚያየው ልጅ ይሮጥለታል። ጎል ሲገባ ይጮሃሉ። ለእነዚህ ልጆች «መጀመሪያ ኳስ ይኑራችሁ፣ ከዚያ ስለ ጥበብ እናወራለን» ማለት ይቻላል? ያን ኳስ የሌለበት ጨዋታ መዝግቦ ያቆየልን አርቲስት ነው። ችግር ያለበት ቦታ ጨዋታና ጥበብ ይቆይ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ጸሐፊው ስለ ሜዳ ያሉት ግን ሁሉም እውነት ነው። በአዲስ አበባ ልጆች ሲጫወቱበት የነበረ ባዶ ቦታ ሕንፃ እየሆነ ሲሄድ የምናየው ነገር ነው። የቀሩት ሜዳዎች ጥቂት ናቸው። ኳስ ውድ ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው የፈለጉትን ያህል ቢጮሁ አብሬ እጮሃለሁ፤ የሚፈረም ነገር ካለ እፈርማለሁ፤ የሚጻፍ ካለም እጽፋለሁ። ግን ያ ክርክር የሚቀርብለት ሰው አለ። መሬት የሚያድለው፣ የሰፈር ፕላን የሚያወጣው፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ግንባታ የሚፈቅደው ነው። የተነፈሰውን ኳስ ፎቶ ያነሳው ሰው ከአንድም ልጅ ሜዳ አልወሰደም።